ከገጹ ግርጌ የቀሩ ሁለት መስመሮች

ጡረታ የወጣሁ ቀን ባልደረቦቼ ኬክ አስቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው፣ የምስጋና ወረቀት በመስታወት ክፈፍ አድርገው ሰጡኝ። ወረቀቱን ሀና ማርያም ቤቴ ወስጄ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ስል ነው ልብ ያልኩት፤ የኃላፊው ስምና ማዕረግ ያለበት የመጨረሻው መስመር ግማሹ የለም። ፊደሎቹ ከወገባቸው በታች ተቆርጠዋል። ዕድሜዬን በሙሉ የወረቀት ጠርዝ ስለካ የኖርኩትን ሴት ጠርዙ በተቆረጠ ወረቀት ሸኙኝ። ባለቤቴ «መልሰሽ በደንብ አሳትሚያቸው እንጂ» አለኝ። እኔ ግን ከሳቄ ስመለስ እንዳለ ሰቀልኩት።

ጎረቤቶቼ «ሥራሽ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ኮምፒውተር ላይ» እላለሁ፤ ወዲያው የተበላሸ ስልካቸውን ያቀብሉኛል። ስልክ መጠገን አላውቅም። የእኔ ሥራ ጽሑፍን ገጽ ማስያዝ ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈ ነገር በተፈጥሮው ገጽ የለውም፤ እንደ ጣቃ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው። የሺህ ሰው ስም ከሆነ ሺህ መስመር ሆኖ ይወርዳል። እዚህ ጋ ወረቀቱ ያልቃል፣ እዚህ ጋ ርእሱ ይደገም፣ እዚህ ጋ የገጽ ቁጥር ይግባ ብሎ የሚያስብ ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆርጠዋል። እንዴት አድርጎ እንደሚቆርጠው ደግሞ ግድግዳዬ ላይ አለ።

በእኛ ጊዜ መዳፊት ወይም ማውስ የሚባል ነገር አልነበረም። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ይበራል፤ ትእዛዙን በእጅህ ትጽፍና ትልቁን ቁልፍ ትመታለህ። ረጅም መስመር የምታጥፍ ትእዛዝ አለች፣ ለየመስመሩ ቁጥር የምትሰጥ አለች፣ ፒ አር የምትባል ደግሞ ጽሑፉን በገጽ በገጽ ከፍላ፣ ከላይ ርእስና ቀን፣ ከታች አምስት ባዶ መስመር አድርጋ ለማተሚያው የምትሰጥ አለች። አንዷ የሠራችውን ለሌላዋ የምታቀብለው በአንዲት ቀጥ ባለች ሰረዝ ነው። ይቺን ሰረዝ «ቧንቧ» እንላት ነበር። አራት ትእዛዝ በቧንቧ ቀጥዬ ትልቁን ቁልፍ ስመታና ከጥግ ያለው ማተሚያ እየጮኸ ሲነሳ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም አስረድቼ አላውቅም። አሁንም ድምፁ ይናፍቀኛል። ያንን ጩኸት የጠላ ሰው ብዙ ነበር፤ እኔ ግን እሁድ እሁድ ቤት ስውል ጆሮዬ ባዶ ይሆንብኝ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ነፋስ ስልክ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ለሥልጠና የሚያመለክቱ ወጣቶችን የሚመዘግብ፣ የሚፈትንና ያለፉትን በዝርዝር ለጥፎ የሚያሳውቅ መሥሪያ ቤት ነበር ብል ይበቃል። የተቀጠርኩት በታይፒስትነት ነው። ደመወዟ ትንሽ ነበረች፣ እኔም ብዙ አልጠበቅኩም። በሁለተኛው ዓመት የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ሲፈልግ «ጣቷ ፈጣን ነው» ተብዬ ወደዚያ ተዛወርኩ፤ እዚያም ጋሽ ሄራሞ እጅ ላይ ወደቅኩ።

ጋሽ ሄራሞ የኅትመት ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ከሆሳዕና በልጅነቱ የመጣ፣ ቀጭን፣ በሙቀትም በብርድም ክራቫት የማያወልቅ፣ ጸጉሩን ወደ ጎን የሚያበጥር ሰው ነው። ጴንጤ ነበር፤ ማተሚያው ሲጮህ እሱ ከሥሩ መዝሙር ያንጎራጉራል። ጸሎት ቤቶቻቸው በተዘጉበት ዘመን የመዝሙር ግጥም በስቴንስል እያባዛ ከቤት ቤት ያደርስ እንደነበር የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወረቀት ስለማይገኝ በአንዲት ቅጠል ላይ አራት መዝሙር ማስገባት ነበረበት። «አንድ አዝማች ግማሹ እዚህ ገጽ፣ ግማሹ ማዶ ከሆነ፣» አለኝ፣ «ሰው ወረቀት ሲገለብጥ መዝሙሩ ይቆማል። መዝሙር ደግሞ መቆም የለበትም።» ገጽ መቁረጥን የተማረው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። ትእዛዝ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ደብተር ይዤ ስቀርብ ማስመሪያና ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ተያያዥ ወረቀት ሰጠኝ።

«ቁጠሪ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስንት መስመር እንደሚይዝ ነዋ።»

ቆጠርኩ። ስድሳ ስድስት። እንደገና አስቆጠረኝ። ስድሳ ስድስት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስቆጥረኝ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው ወይ ብዬ ነበር። ያን ሳምንት ኮምፒውተሩን አላስነካኝም፤ ከታተመ ወረቀት ላይ ስህተት ስለቅም ዋልኩ። አዲስ ማተሚያ በመጣ ቁጥር ሌላው ሰው ካርቶኑን ለመውሰድ ሲሻማ እሱ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ከአንድ ጀምሮ በየመስመሩ ቁጥር ብቻ የያዘ ወረቀት ያትማል። ስንተኛው ቁጥር ላይ ቀለሙ እንደሚያልቅ አይቶ በእርሳስ ማተሚያው ጎን ላይ ይጽፋል። «ወረቀቱን አትለኪ፣ ቀለሙ የሚደርስበትን ለኪ» ይል ነበር። ማተሚያ ሁሉ ቀለም የማያደርስበት ጠርዝ አለው።

ሌላው ልማዱ ያስቀኝ ነበር። ዝርዝር ታትሞ ሲያልቅ ሌባ ጣቱን የየገጹ የመጨረሻ መስመር ላይ ያደርግና «ወራጅ አለ?» ይለኛል፣ እንደ ታክሲ ረዳት። እኔ ስክሪኑ ላይ አይቼ ከዚያ ስም ቀጥሎ ያለውን እጠራለሁ፤ እሱ የሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ያንኑ ስም ካገኘ «የለም፣ ሂድ» ብሎ ገጹን ይገለብጣል። መቶ ገጽ ቢሆን መቶ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ጋሽ ሄራሞ፣ ማሽን እኮ ሰው አይጥልም» አልኩት። «ማሽን አይጥልም፤» አለኝ፣ «የሚጥለው እኛ የነገርነውን ነው።»

እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ምሳ አብረን ስንበላ በእነዚያ ቀናት እሱም ሽሮ ነበር የሚያዝዘው። አንድ ጊዜ «አንተ አትጾም፣ ጥብስህን ብላ እንጂ» ብለው «ሽሮ እወዳለሁ» አለ። አለመውደዱን ሚስቱ ናት የነገረችኝ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ አቶ ተካልኝ የሚባል ዋና ክፍል ኃላፊ መጣብን። ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀት ግን ከደሙ አስበልጦ ይሳሳለት ነበር። የታተመ ዝርዝር አንስቶ ከላይና ከታች ያለውን ባዶ በጣቱ እየለካ «ይሄን ባዶውን ለማን ነው የምናትመው?» ይላል። የተራ ቁጥርም አይወድም። ባለፈው ዓመት በተለጠፈ ዝርዝር ላይ አንዱ አባት «ልጄ አርባኛ የወጣችው ለምንድነው?» ብሎ ቢሮው ድረስ መጥቶ ጮኾበት ነበር፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ እንጂ በውጤት እንዳልሆነ ቢያስረዳው ሰውዬው አልሰማም። ከዚያ በኋላ አቶ ተካልኝ «ቁጥር የሚባል ነገር አጥር ላይ እንዳላይ» ብሎ አዘዘ። ጋሽ ሄራሞ «ቁጥሩ እኮ ለእነሱ ሳይሆን ለእኛ ነው፣ የጎደለ እንዲታየን» ብሎ ተከራክሮ ነበር። አልሆነም።

በዚያው ሰሞን ሌዘር ማተሚያ ተገዛልን። ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ነጠላ ወረቀት የሚበላ ነው። የቁጥሯን ወረቀት ገና አላተምንለትም ነበር፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስንል የነርስ ሥልጠና ፈተና ውጤት ደረሰ። ያለፉት ሦስት መቶ ስድሳ ያህል ናቸው፤ ዝርዝሩ አጥሩ ላይ በተለጠፈ በሦስት ቀን ውስጥ መጥቶ ያልተመዘገበ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ዝርዝሩ የሚወጣው ሐሙስ ከሰዓት እንደሆነ በማስታወቂያ ተነግሯል። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ የመዝገብ ቤቷ የወይዘሮ አበበች እናት ማረፋቸው ተሰማ።

ለቅሶ አለመድረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወይዘሮ አበበች የአባቴ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳን ያልወጣች ሴት ናት። የመሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ ቀብሩ ላይ እንድንደርስ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል ተባለ። ጋሽ ሄራሞ ከጥቂት ሽማግሌዎች ጋር ለድንኳኑና ለወንበሩ ቀድሞ ሄደ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ከቻልሽ እኔን ጠብቂኝ፣ ማታ አብረን እናየዋለን» አለኝ። ማታ ማለት ሰው አጥሩ ስር ተሰልፎ እየጠበቀ ዝርዝሩን ማዘግየት ነው። እኔ ደግሞ ብቻዬን መሥራት እንደምችል ማሳየት ፈልጌ ነበር፤ ይሄን ለመደበቅ አሁን ዕድሜዬ አይፈቅድም።

ማስመሪያ አንስቼ አዲሱን ወረቀት ለካሁ። ሰባ መስመር ይይዛል። ለጥንቃቄ ብዬ ሁለት ቀነስኩና ለፒ አር «ገጹ ስድሳ ስምንት መስመር ይሁን፤ ርእስም፣ ከታች ባዶም አልፈልግም» ብዬ ጻፍኩላት። አቶ ተካልኝ እንደሚወደው ቁጥር የለ፣ ባዶ የለ፣ ስም ብቻ ሆነ። ስድስት ገጽ ወጣ። እንዴት ያምር ነበር! የመጀመሪያውን ገጽ አየሁ፣ የመጨረሻውን አየሁ። ውጪ አውቶቡሱ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ወረቀቱን ለዘበኛው ሰጥቼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሮጥኩ።

ሌዘር ማተሚያው ከስድሳ ስድስተኛው መስመር በታች ቀለም አያደርስም ነበር። ወረቀቱን ነው እንጂ የለካሁት ቀለሙን አልለካሁም። ሙሉ በነበሩት አምስት ገጾች ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሁለት ስሞች ጠርዙ ላይ ቀሩ። አስር ሰው፣ ወራጅ አለ ሳይባል ወረደ።

ዓርብ የክፍሉ ሰው ግማሹ ሰልስት ለማዘጋጀት ለቅሶ ቤት ስለነበር ማንም አላየውም። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሄራሞ መሥሪያ ቤት ሲገባ በአጥሩ በኩል አለፈ። ልማዱ አይለቀውም፤ ቆሞ ጣቱን ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ አደረገ። ክፍላችን ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። አልጮኸም። «ሰናይት፣ ስክሪኑን ክፈቺልኝ» ብቻ አለ። ከፈትኩ። ጣቱ የቆመበትን ስም ነገረኝ፤ ከሱ በታች ያለውን ጠራሁ። «እሱ የለም» አለ። ቀጥሎ ያለውን ጠራሁ። «እሱም የለም» አለ። ሦስተኛውን ስጠራ «አዎ፣ እሱ ማዶ አናት ላይ ነው» አለ። ያኔ ወንበሩ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት።

እስከ ቀትር ድረስ አዲስ ዝርዝር ተለጠፈ፣ የምዝገባ ቀንም ተራዘመ። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ የሚገባኝ ነበር። አስሩን መፈለግ ያዝን። በስልክ፣ በዘመድ፣ በደብዳቤ፣ በቀበሌ፣ በቻልነው ሁሉ። ዘጠኙ ተገኙ። አንዷ ቀረች። ብርቱካን ትባላለች፤ ከቡታጅራ በኩል የመጣች፣ አድራሻ ብላ የሞላችው መካኒሳ ያለች አክስቷን ነው።

ያንኑ ቅዳሜ ከሰዓት አክስቷ ቤት ከጋሽ ሄራሞ ጋር በእግራችን ሄድን። አክስቲቱ የድሮ የአካባቢው ገበሬ ቤት የገባች ሴት ናት፤ ያኔ በዙሪያቸው ቤት በቤት ላይ ሲሠራ እነሱ ገና ሁለት ላምና ጥቂት የጎመን መደብ ነበራቸው። የመጣንበትን ስንነግራት የያዘችውን የወተት ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ልጆቼ፣ ትናንት ነው የተሳፈረችው» አለች። «ሐሙስ ከዚያ አጥር ስር እስኪመሽ ቆማ መጣች። ዓርብም ጠዋት ሄዳ ደግማ አየችው። ‹አክስቴ፣ ስሜ የለም› አለችኝ። እኔ ደግሞ ‹እግዜር ያላለው ነው፣ ልጄ› ብዬ ስንቅ ቋጥሬ ሸኘኋት።»

«ደብዳቤ ብንጽፍላት ይደርሳል?» አላት ጋሽ ሄራሞ።

«በገበያተኛ እልከዋለሁ። ግን አባቷ ያው አንድ ነገር ብሎ ነበር፣ ካለፈች ትማር፣ ካላለፈች ታገባለች ብሎ።»

ደብዳቤውን እዚያው ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አድራሻውን እሱ ጻፈው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። አክስቲቱ ከበር አላስገባችኝም፤ አልተቆጣችም፣ ደክሟት ነበር። «ደብዳቤው ሲደርስ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቃል ተሰጥቶ ነበር» አለች። «ተዳረች፣ ልጄ። በቃ፣ ተይው።»

ተውኩት። ቦታዋ ለተጠባባቂ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ታክሲ በመካኒሳ ሲያልፍ በሌላው መስኮት ማየት ለመድኩ። ሥራ እለቃለሁ ብዬ ማመልከቻ ብጽፍ ጋሽ ሄራሞ ከእጄ ነጥቆ «ይቺን ደግሞ ማን ያርምልሻል? ሁለት ቦታ ተሳስተሻል» ብሎ ኪሱ ከተታት። ስለ ልጅቷ ከዚያ ወዲያ አላነሳብኝም፤ እኔም አላነሳሁበትም። አቶ ተካልኝ ራሱ መጥቶ «ቁጥሩን መልሱት» አለን። በሥራ ዘመኔ አንድ ኃላፊ እንዲህ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በሥራ ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ይሄንንም መካድ ግፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሩ የሰውን ስም በላቲን ፊደል ነበር የሚያውቀው። ፊደላችን ሲገባ ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ፤ ወይዘሮ አበበች ስሟን በአማርኛ አሳትማ ቦርሳዋ ውስጥ ያዘችው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ያቺ ረጅም መስመር የምታጥፍ ትእዛዝ ርዝመትን የምትቆጥረው እንደ ላቲኑ ስለነበር አንዱን የአማርኛ ፊደል እንደ ሦስት ታየዋለች። ስሙ ገና ከመጀመሩ መስመሩ ሞልቷል ብላ ታጥፈዋለች፤ አንዳንዴም አንዱን ፊደል ከመሃሉ ትሰብረዋለች። በዓምድ ያሰለፍነው ሁሉ ጠማማ አጥር ሆነ። ጋሽ ሄራሞና እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጠን፣ ፊደሉን እንደ አንድ የምትቆጥር የራሳችንን ትንሽ ፕሮግራም ሠራን። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ዓምዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ወረቀቱን ብርሃን ላይ አንስቶ «እንግዲህ ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን አሰናብተው» አለ። ሳቅን። እኔ ስስቅ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እሱ የሌለበት ክፍል ምን እንደሚመስል ስላየሁት ነው።

እሱ ከወጣ በኋላ የእሱን ወንበር ያዝኩ። የቁጥሯን ወረቀት ለየማተሚያው አትሜአለሁ፤ የየገጹንም ግርጌ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ቀስ በቀስ አጥር ላይ መለጠፍ ቀረ። አሁን ዝርዝሩ በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ልጆቹም ስማቸውን ጽፈው ይፈልጉታል። ገጽ የሚባል ነገር የሚያሳስበው ሰው የለም። ይሻላል። እውነቴን ነው፣ ይሻላል።

ጋሽ ሄራሞ ዘንድሮ አረፈ። ቤቱ ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ አንዲት ሃምሳ ዓመት የተጠጋች ሴት ሳህን ስታቀብል፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ባለቤቱንም ስታጽናና አየኋት። የቅርብ ዘመድ መሰለችኝ። ሥራው ሲያርፍላት ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

«እርስዎ በምን ያውቁታል?» አለችኝ።

«በሥራ። አብረን ነበርን። አንቺስ፣ ዘመድ ነሽ?»

«እኔስ በበደሉ ነው የማውቀው» ብላ ፈገግ አለች። «ድሮ የነርስ ፈተና ተፈትኜ ነበር። ያለፍኩትን ልጅ ስሜን ሳያትመው ቀረ። ከተዳርኩ በኋላ አገሬ ድረስ ፈልጎኝ መጣ፤ ከአክስቴ ጠይቆ ጠይቆ። ‹የገጹን ጫፍ ማየት የእኔ ሥራ ነበር፤ ሳላይ የቀረሁት እኔ ነኝ› አለኝ። ያኔ ልጅ ታቅፌ ነበር። ጮኽኩበት፣ አባረርኩት። በዓመቱ ደግሞ መጣ። ባሌ ሲሞትብኝና ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ስገባ አንድ ክሊኒክ ያስቀጠረኝ እሱ ነው፤ መጀመሪያ በጽዳት፣ በኋላ ካርድ ክፍል።»

«ለምን ለማንም...» ብዬ ጀመርኩ።

«ለማንም እንዳትናገር ብዬው ነበር። በሰው አፍ መግባት አልፈለግኩም። ቃል ገባልኝ፤ የእሱን ቃል ደግሞ ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ግን እዚያው ለቅሶው ላይ ተናደድኩበት። ያን ሁሉ ዓመት ረቡዕ ረቡዕ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሽሮ ሲበላ እሷ የት እንዳለች ያውቅ ነበር። እኔ በመካኒሳ ሳልፍ ፊቴን ሳዞር እሱ እዚያ ወርዶ አክስቲቱን ይጠይቅ ነበር። አንድ ቃል ብሎኝ ቢሆን ምንኛ ቀሎኝ ይኖር ነበር አልኩ። ወዲያው ደግሞ አንድም ቀን ጠይቄው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር። ሰውዬው በስሙ ተሸክሞት ሄዷል፣ እሷም ይቅር ብላዋለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ሳህኔን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ብርቱካን» አልኳት።

ስሟን ስላልነገረችኝ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያን ቀን ጋሽ ሄራሞ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ለቅሶ ሄዶ ነበር። ጠብቂኝ ብሎኝ ሳልጠብቀው ያተምኩት እኔ ነኝ።»

ከድንኳኑ ማዶ መዝሙር ጀምረው ነበር። እሷ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገች።

«እንግዲህ ይቅር ያልኩት እሱን ነው» አለች በመጨረሻ። አንቱታውን ትታዋለች። «አንቺን አላልኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«እሱ ይቅር እስክለው ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አልቆጠርኩም» አለችና ተነስታ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ግን ተመልሳ መጥታ ቤቷ ለቡ የት ጋ እንደሆነ፣ ከታክሲ ወርጄ በየት በኩል እንደምገባ ነገረችኝ።

ሁለት ቅዳሜ ሄጃለሁ። ሁለቴም ሻይ አፍልታ ሰጥታኛለች፣ ስለ ልጆቿ አውርታልኛለች፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቃል አልወጣትም። በሦስተኛው ቅዳሜም እሄዳለሁ።